ጉዳት በጉዳት አይወገድም፦ የድሮ መኪና ማኒፎልድን መጠቅለል



በፊቅህ ከምንማራቸው ታላላቅ ቃዒዳዎች አንዱ፣ ጉዳት (ደረር) በአምሳያው ጉዳት እንደማይወገድ ያስተምራል። ዛሬ ይህን ቃዒዳ ይዘን ጋራዥ እንግባ።

በድሮዋ ላዳ ሞተር ላይ ካርቡሬተሩና የጭስ ማኒፎልዱ በአንድ ጎን ናቸው፤ የጋለው ማኒፎልድ ከታች፣ ካርቡሬተሩ ከላይ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚን ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ሞተሩ እንደጋለ የቆመች መኪናም ስትነሳ ታስቸግራለች። ስለዚህ አንዳንዶች ማኒፎልዱን በፋይበር ግላስ ጨርቅ ይጠቀልሉታል።

መጠቅለያው ግን ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ብረቱ ውስጥ ያስቀረዋል። የላዳ ማኒፎልድ ካስት አይረን ነው፤ ከልክ በላይ ሲግል ሊሰነጠቅ ይችላል። ጨርቁ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል፤ ዘይት ከጠጣም ሊቀጣጠል ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ስንጥቁን መሸፈኑ ነው። በስንጥቁ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ተሳፋሪው ዘንድ ከገባ ሊገድል ይችላል። ነፍስን መጠበቅ ደግሞ ከሸሪዓ አምስቱ ዓላማዎች አንዱ ነው።

የተሻለው መንገድ ከካርቡሬተሩ ሥር የሚገባውን የላሜራ መከላከያ ቦታው መመለስና አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው ነው። ካርቡሬተሩ ከሙቀት ይጠበቃል፤ ማኒፎልዱም ለዓይን ክፍት ሆኖ ይቀዘቅዛል።

ማኒፎልዱ የተጠቀለለ መኪና የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ፈታችሁ ለገዢው አሳዩት፤ ዐይብን ደብቆ መሸጥ ሐራም ነውና። ወላሁ አዕለም።