ሰውየውን ወይስ ነገሩን?



የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሎጂክ ሳስጠና ብዙዎቹን ሲያደናግር የማየው በሰው ማንነት ላይ የሚያነጣጥረው ሕጸጽ ነው። በላቲን «አድ ሆሚኔም» ይሉታል፤ «ወደ ሰውየው» ማለት ነው። አንዱ ምክንያት ያቀርባል፤ መላሹ ግን ምክንያቱን ትቶ ተናጋሪው ላይ ይነሳል። ጥያቄው በእኛ አገር ብቻ የሚወጣ አይደለም። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ በሆነው የኤልሳት ፈተና፣ ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነጥብ ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ የአመክንዮ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ እዚያ ያሉ ልጆቻችንም ሊያውቁት ይገባል።

ሕጸጹ በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው ስድብ ነው፦ «የመንገዱን ሥራ አስመልክቶ ያቀረበውን ሐሳብ አልቀበልም፤ ሰውየው ቁጡና ባለጌ ነው።» ሁለተኛው ጥቅምን ማንሳት ነው፦ «ታሪፉ ይጨመር የሚለው ባለ ታክሲ ስለሆነ፣ ምክንያቱ ሁሉ ውድቅ ነው።» ባለ ጥቅም መሆኑ በጥንቃቄ እንድንመረምረው ያደርገን ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን ሐሰት አያደርገውም። ሦስተኛው «አንተስ?» የሚለው ነው፦ «ሐኪሙ ሲጋራ ይጎዳሃል አለኝ፤ እሱ ራሱ ያጨስ የለ እንዴ!» ሐኪሙ ቢያጨስም ባያጨስም ሲጋራ መጉዳቱን አይተውም።

ፈታኞች ወጥመድ የሚያስቀምጡት እዚህ ላይ ነው። ተማሪው በጥያቄው ውስጥ ሰው ሲነቀፍ ባየ ቁጥር «ሕጸጽ!» ብሎ ያከብባል። እስቲ እነዚህን ተመልከቱ፦ «ገንዘብ ያዡ የማኅበሩን ብር አጉድሏል፤ ስለዚህ ለኃላፊነቱ አይበቃም።» «ምስክሩ በሐሰት ምስክርነት ሦስት ጊዜ ተፈርዶበታል፤ ስለዚህ በእሱ ቃል ብቻ መፍረድ አይገባም።» ሁለቱም ሕጸጽ የለባቸውም። በመጀመሪያው ድምዳሜው ራሱ ስለ ሰውየው ነው። በሁለተኛው ደግሞ የምስክሩ ቃል የቆመው በታማኝነቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ መጀመሪያ ድምዳሜውን ፈልጉ። ቀጥሎ ድምዳሜው ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ ነገር ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ነገር ሆኖ ማስረጃው ሰውን መንቀፍ ብቻ ከሆነ ሕጸጽ ነው። የተቃዋሚውን ሐሳብ አጣምሞ የሚያፈርሰው ግን ሌላ ሕጸጽ ነውና አታምታቱት። በአጭሩ፣ የሚመዘን ምክንያት ካለ ምክንያቱን እንመዝናለን፤ የሚታመን ቃል ብቻ ካለ ተናጋሪውን እንመረምራለን።

ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት የዘጋቢዎችን እውነተኝነትና የማስታወስ ችሎታ አንድ በአንድ የመረመሩት ለስድብ አልነበረም፤ ዘገባ የሚያርፈው በዘጋቢው ላይ ስለሆነ ነው። በሌላ በኩል ቡኻሪ የዘገቡትን የአቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) ታሪክ እናስታውስ። የረመዷንን ዘካ ሲጠብቁ ሌባ ሦስት ጊዜ መጣባቸው፤ በመጨረሻም ሲተኙ አየተል ኩርሲይን እንዲያነቡ ነገራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌባው ሸይጧን እንደነበረ ገልጸው፣ ውሸታም ቢሆንም ያን ጊዜ የተናገረው እውነት መሆኑን አረጋገጡላቸው። እንግዲህ የተናጋሪው መጥፎነት ንግግሩን ሐሰት እንደማያደርገው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይኖራል?

ከፈተናው አዳራሽ ውጭ ያለው ጉዳት ግን ከነጥብ መጉደል ይከፋል። በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት «የገቢና የወጪ ሒሳቡ ይመርመር» ይላል። «ትናንት የመጣ ልጅ! ደግሞስ የማን ወገን ነው?» ይባላል፤ ይሳቃል፤ ስብሰባው ይበተናል። ሒሳቡ ግን ሳይመረመር ቀረ። ወጣቱን አሳፈርን፤ የተጎዳው ግን የሁላችን ገንዘብ ነው።

አላህ እውነትን ከማንም ቢመጣ የምንቀበል ያድርገን። ወላሁ አዕለም።