ከሁለቱ ሲሊንደሮች የሰነፈው የትኛው ነው?

ባለሁለት ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ብስክሌት ይነሣል፤ ግን ጉልበት የለውም፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ዳገት ላይ እምቢ ይላል። በአንዱ ሲሊንደር ብቻ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ሲሰማ አንዳንዱ ሠልጣኝ ወዲያው ካርቡራተሩን መፍታት ይጀምራል። ቆይ እንጂ! መፍቻውን እናስቀምጥና መጀመሪያ እንጠይቅ፤ ለሁለቱ ሲሊንደሮች የጋራ የሆነው ምንድን ነው? የየራሳቸውስ?

ለምሳሌ በቼኮስሎቫኪያ ይሠራ የነበረውን፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ጃዋ 350፣ ሞዴል 634 እንውሰድ። ሞተሩ ባለሁለት ምት ነው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች በአንድ ላይ 343 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው። ካርቡራተሩ አንድ፣ ባትሪውም አንድ። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር ግን ለየሲሊንደሩ ለብቻ ነው። እንግዲህ ካርቡራተሩ ቢደፈን ኖሮ ሁለቱም በተራቡ ነበር፤ አንዱ ጠግቦ አንዱ የሚራብበት ምክንያት የለም። (እንደ ትራያምፍ ቦኔቪል ያሉ፣ ለየሲሊንደሩ ካርቡራተር ያላቸው የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ ግን ይህ አይሠራም።)

የሰነፈውን ለመለየት ሞተሩን አስነሥተን ጥቂት እንደሠራ፣ በሁለቱም የጭስ ቧንቧዎች ላይ ከሲሊንደሩ አጠገብ የውኃ ጠብታ እናድርግ። አንዱ ላይ ጠብታው «ቺስ» ብሎ ይተናል፤ ሌላው ላይ ዝም ብሎ ይፈስሳል። በእጅ መንካት የለም!

የሰነፈው የቀኙ ነው እንበል። ካንዴላውን ፈትተን እንመልከት። እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ደርሶታል፤ ያልደረሰው እሳት ነው። ባለሁለት ምት ሞተር ከቤንዚኑ ጋር ዘይት ስለሚያቃጥል በካንዴላው ጫፎች መካከል የጥላሸት ድልድይ ሊሠራ ይችላል፤ ፀጉር የምታክል ክር ትበቃለች። አንዳንዴ እሷን ጠርገን ስንመልሰው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሁለቱን ካንዴላዎች እናቀያይር። ስንፍናው ወደ ግራ ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ ቀኝ ከቀረ ካንዴላው ነፃ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሦስት ዕቃ ባንዴ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢሠራለትም ምኑን እንደጠገነ ለተማሪዎቹ መንገር አይችልም፤ የተማሪውን ገንዘብም በከንቱ ያስወጣል።

ቀጥሎ ቦቢና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወደ ካንዴላ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ብቻ ያቀያይርና ሞተሩ ጭራሽ አልነሣ ሲል «ባሰበት!» ይላል። አልባሰበትም። በዚህ ሞተር አንዱ ፒስተን ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ እሳታቸውም በክራንኩ ዙር 180 ዲግሪ ይራራቃል። ወፍራሙን ብቻ ስናዛውር እሳቱ የሚደርሰው ፒስተኑ ታች ሳለ ነው። ስለዚህ ከፑንቲናው የሚመጣውንም ቀጭን ሽቦ አብረን እናዛውር፤ ያን ጊዜ ጎራ የለወጠው ቦቢናው ብቻ ይሆናል። ስንፍናው ወደ ግራ ከሄደ ጥፋቱ ከቦቢናው ወይም ከወፍራም ሽቦው ነው። ቀኝ ከቀረ ወደ ፑንቲናው እንሂድ።

ፑንቲናው ንጹሕ ይሁን፤ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ክፍተቱ ሲነካ እሳቱ የሚመጣበት ጊዜም ስለሚለወጥ እሱንም መልሰን እንለካለን። ሞተሩ ሲዞር በፑንቲናው ጫፎች መካከል ብርቱ ብልጭታ ከታየ ኮንደንሰሩን እንጠርጥር።

እሳቱ ደህና ሆኖ ካንዴላው ደረቅ ቢሆንስ? ካርቡራተሩ የጋራ ቢሆንም ከእሱ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ በኩል ያለው ጓርኒሲዮን ካፈሰ አየር ይገባል። ከፒስተኑ ሥር ያለውም ክፍል ለየሲሊንደሩ የተለየ ነው። በክራንኩ ዳር ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ በዲናሞው በኩል ካረጀ አየር ይስባል፤ በፍሪሲዮኑ በኩል ካረጀ ደግሞ የውስጡን ዘይት ይስብና ጭሱ ይበዛል። አየር የሚስበውን «ይሠራል እኮ» ብለን አንንዳው። ቤንዚኑ ሲሳሳ በውስጡ ያለው ዘይትም አብሮ ይሳሳል፤ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ የኋላው ጎማም በጉዞ ላይ ድንገት ይቆልፋል።