ከድሪሉ በፊት ግድግዳሽን አንኳኪው

እህት ዓለም፣ እስቲ ስልክሽን ወዲህ በይው። አዎ፣ ይሄ «88ቪኤፍ» የተጻፈበት፣ ሁለት ባትሪና ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ያለው ድሪል ዓይን ይስባል። ግን ገና ብር እንዳትልኪ። የቤት ድሪል ምርጫ የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከቤት ነው። ምን እንደምትበሺ ሳታውቂ ቁጥር ከቁጥር ብታወዳድሪ፣ የመረጠልሽ ሻጩ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ተነሺና ግድግዳሽን አንኳኪው። ያንቺም ቤት እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ኮለንና ቢሙ አርማታ፣ መሃሉ ብሎኬት ነው። በጣትሽ አንጓ ስትመቺው ባዶነት ያለው ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። በክፍሉ ማዕዘንና ከመስኮት በላይ ግን ድምፁ ድፍን ይሆናል፤ እሱ አርማታ ነው። ሁለቱ የሚፈልጉት የተለያየ አያያዝ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ የምትበሺው ልስኑንና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የብሎኬቱን ገጽ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሃመሩን፣ ማለትም ድሪሉ እየዞረ እንዲመታ የሚያደርገውን፣ ከከፈትሽበት ገጹ ከኋላ በኩል ይፈረካከሳል፤ ቪቴው የሚገባበት ፊሸርም የሚይዘው ያጣል። ሃመሩን አጥፍተሽ፣ በማሽከርከር ብቻ፣ ቀስ ብለሽ ብሺው። አርማታው ግን ጠጠርና ፌሮ ስላለበት ያለ ሃመር አይበገርም።

አሁን ወረቀት አውጪና በዚህ ዓመት የምትሠሪውን ጻፊ። መጋረጃ መስቀያ፣ መስታወት፣ የወጥ ቤት መደርደሪያ፣ የላላውን የቁም ሣጥን ማጠፊያ ማጥበቅ፣ የልጁን አልጋ መገጣጠም። አየሽ? ግማሹ ሥራ መብሳት ሳይሆን ቪቴ ማሰርና መፍታት ነው። ለቤት የሚሆነው ድሪል ሁለቱንም በልክ የሚሠራ ነው። ኮለን ላይ ብዙ ጉድጓድ መብሳት ካለብሽ ለዚያ ቀን ኤስዲኤስ የሚባለውን ትልቁን መብሻ ተከራዪ፣ ወይም ባለሙያ ጥሪ። ለአንድ ቀን ሥራ ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ከባድ ማሽን አትሸከሚ።

ቮልቱን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ ለቤት የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ 12 እና 18 ቮልት። ባለ 12ቱ ከነባትሪው አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለእጅ ይቀላል። ቪቴ ለማሰር፣ ችፑድና ኤምዲኤፍ ለመብሳት ይበቃል። ባለ 18ቱ ከበድ ይላል፤ ነገር ግን ብሎኬቱን ሳይለፋ ይበሳል፣ ሃመር ካለውም አልፎ አልፎ አርማታ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ያወጣል። ለብሎኬት ቤት የኔ ምርጫ እሱ ነው።

ታዲያ አንዱ ሻጭ 18፣ ሌላው 20፣ ሦስተኛው 21 ቮልት ብሎ ሲያሳይሽ አትደናገሪ። ባትሪው ውስጥ የተደረደሩት ትናንሽ የሊትየም ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል በሥራ ላይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ ሊሞላ ሲቃረብ 4 ይደርሳል፣ ጢም ሲል ደግሞ 4.2። አምስቱን ደምሪ፤ 18ም፣ 20ም፣ 21ም የሚወጣው ከዚያው ከአምስት ሴል ነው። ባለ 12 የሚባለውም እንዲሁ ሦስት ሴል ነው። «48ቪኤፍ»፣ «88ቪኤፍ» የሚባሉት ግን የቮልት መጠን አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ከስቲከሩ ሥር ያለው ያው ባለ አምስት ሴሉ ባትሪ ነው። ለዚህ ቁጥር ተጨማሪ ብር አትክፈዪ።

ከቮልቱ ይልቅ አምፔር ሰዓቱን ጠይቂ። ባለ 2 አምፔር ሰዓት ባትሪ ለቤት ሥራ በቂ ነው። ባለ 4ቱ ሁለት እጥፍ ይቆያል፣ ግን ክብደቱም ይጨምራል። ሻጩ ሁለት ባትሪ አምጥቶ አንዱን 2፣ ሌላውን 4 ካለሽ በሁለት እጅሽ ያዣቸው። በአንድ መጠን ሴል የተሠሩ ከሆነ ባለ 4ቱ አሥር ሴል ስለሚይዝ ከባለ አምስት ሴሉ ባለ 2 በግልጽ መክበድ አለበት። ስቲከሩ ትልቅ፣ ክብደቱ ግን እኩል ከሆነ አስረዳኝ በይው። እኔ ብሆን ከአንድ ትልቅ ባትሪ ሁለት ባለ 2 እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይሞላል፣ መብራት ቢሄድም ሥራሽ አይቆምም።

ልብ በይ፣ ድሪል ስትገዢ የምትገቢው ወደ አንድ ባትሪ ቤተሰብ ነው። የቦሽ ባትሪ ለማኪታ፣ የኢንግኮው ለዲዋልት አይገባም። ከሦስት ዓመት በኋላ ድሪሉ ደህና ሆኖ ባትሪው ብቻ ሊደክም ይችላል፤ ባትሪው ካልተገኘ ድሪሉም ዕቃ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የምትጠይቂው ጥያቄ «ባትሪው ለብቻው ይሸጣል ወይ?» የሚለው ነው። መርካቶም ሆነ ተክለሃይማኖት፣ ሻጩ መደርደሪያው ላይ ያለውን ባትሪ አንሥቶ ካሳየሽ ጥሩ ነው። «ይመጣል» ካለሽ አመስግኚውና እለፊ። ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ርካሽ ድሪል ብታገኚም መጀመሪያ የምታጣሪው ይህንኑ ነው።

ውጭ ያለው ወንድማችን ከአሜሪካ ልላክልሽ ካለሽ ደስ ይበልሽ፤ ግን ሁለት ነገር ንገሪው። አንደኛ፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ድሪሉ የሚሠራው በባትሪ ስለሆነ ችግር የለበትም፤ የሚቃጠለው ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልተጻፈ እዚህ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው፤ ለዚያው ባትሪ የሚሆን ባለ 220 ቻርጀር እዚህ መኖሩን ቀድመሽ አጣሪ። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ የሶኬት እግሩ ብቻ ስለሚለይ አዳፕተር ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ድሪሉን ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ባትሪዎቹን ነቅሎ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኖ በእጅ ሻንጣው ይያዛቸው። ትርፍ የሊትየም ባትሪ ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዛው፤ 18 በ5 ሲባዛ 90 ዋት ሰዓት ነው፣ ያልፋል። ከ100 በላይ እስከ 160 የሆነ ግን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ማሽኑን በእጅሽ ስትይዢ ደግሞ ይህን እዪ። ፑንታውን ከሚይዘው መንጋጋ ኋላ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ። ቪቴ ሲጠብቅ ድሪሉ «ጠ ጠ ጠ» እያለ ራሱን እንዲያቆም የሚያደርገው እሱ ነው። ችፑድ ላይ በትንሽ ቁጥር ጀምሪ፤ በትልቁ ከሄድሽበት ቪቴው እንጨቱን ቆርጦ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ አይይዝም። ለመብሳት ግን ቀለበቱን የፑንታ ሥዕል ላይ አድርጊው። የመዶሻ ሥዕልም ካለው ሃመር አለው ማለት ነው፤ አንቺ ያ ሥዕል ያለውን ውሰጂ። ከላዩ 1 እና 2 የሚል መግፊያ አለ፤ 1 ዝግተኛና ጉልበተኛ ስለሆነ ለቪቴ፣ 2 ፈጣን ስለሆነ ለመብሳት ነው። ሞተሩ ካርቦን የሌለው ከሆነ፣ ብራሽለስ የሚሉት፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ብርሽ ከደረሰ ጥሩ ነው፤ ካልደረሰ ግን ባለ ካርቦኑ ለአንድ ቤት ሥራ ዓመታት ያገለግላል።

ከዚያ «ሞክርልኝ» በይ፤ አትፈሪ፣ ብርሽ ነው። ረጅም ፑንታ አስገብቶ ቀስ ብሎ ያሽከርክረው፤ ጫፉ ክብ እየሠራ የሚወዛወዝ ከሆነ መንጋጋው ጠማማ ነው፣ ጉድጓድሽም ይሰፋል። ማስነሻውን በትንሹ ስትጫኚው በዝግታ፣ በኃይል ስትጫኚው በፍጥነት መዞር አለበት፤ ስትለቂው ደግሞ ወዲያው ይቁም። በመጨረሻ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቪቴ እንጨት ላይ እስከ አንገቱ እንዲያስገባ ጠይቂው። ሣጥኑ ላይ ያለውን የጉልበት መለኪያ፣ የኒውተን ሜትር ቁጥር፣ ከማንበብ ይህን ማየት ይሻላል። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳትይዢ አትውጪ።

የሻንጣው ፑንታዎች ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ቶሎ ይደንዛሉ። ከብርሽ ላይ ትንሽ አስቀሪና ጥሩ ጥሩ ፑንታ ለብቻው ግዢ፤ ለግድግዳ ባለ 6 እና ባለ 8 ሚሊ ሜትር የኮንክሪት ፑንታ፣ ለእንጨት መሃሉ ላይ ሹል ጫፍ ያለው፣ ለብረት ደግሞ የብረት ፑንታ። የኮንክሪቱ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ጠንካራ ብረት የተጣበቀበት ነው፤ በእሱ እንጨት አትብሺ፣ በእንጨቱም ግድግዳ አትሞክሪ። ሴራሚክ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ፣ ሃመር አጥፍተሽ፣ በሴራሚክ ፑንታ በዝግታ ጀምሪ። ፊሸሩና ፑንታው እኩል ይሁኑ፤ ለባለ 6 ፊሸር ባለ 6 ፑንታ። ለብሎኬት ረዘም ያለውንና ቪቴው ሲጠብቅ ከኋላ የሚቋጠረውን ፊሸር ጠይቂ። ቦይለር ለመስቀል ግን በዚህ አትተማመኚ። 50 ሊትር ቦይለር ሲሞላ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከመብሳትሽ በፊት ሶኬቱና ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳሉ ተመልከቺ። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፤ የውሃ ቱቦም ከቧንቧው በላይ እንዲሁ። በእነዚያ መስመሮች ላይ አትብሺ። የባትሪ ድሪል ትልቁ ጥቅም ደግሞ እዚህ ጋ ነው፤ ሽቦ ስለሌለው ብሬከሩን አጥፍተሽ በቀን ብርሃን መሥራት ትችያለሽ። ነጠላውንና ሻርፑን አውልቂ፣ ፀጉርሽን እሰሪ፣ መነጽር አድርጊ። በሜትር ለኪ፣ በውሃ ልክ አስተካክዪ፣ ምልክቱን በሚስማር ጫፍ ነካ አድርጊው፤ ፑንታው እንዳይሸሽ ያደርገዋል። የፊሸሩን ርዝመት ፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጊበት። ከጉድጓዱ ሥር የታጠፈ ወረቀት ለጥፊ፤ አቧራው እዚያ ይቀራል። ቀጥ ብለሽ ያዢው፣ አትግፊው፣ በየመሃሉ ፑንታውን እየሳብሽ አቧራውን አውጪ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩን አስቀድመሽ አናግሪ።

ባትሪውን በተመለከተ «ሳያልቅ ቻርጅ አታድርጊ» የሚልሽ ሰው ይኖራል። ምክሩ ለኒኬል ባትሪ ዘመን ትክክል ነበር። ብላክ ኤንድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው የመጀመሪያው ገመድ አልባ ድሪል የሚሠራው በዚያ ነበር። ሚልዋኪ በ2005 የሊትየሙን ይዞ ገበያ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ሊትየም ጨርሶ ባዶ መሆንን አይወድም፤ ሲደክም ሙዪው። ለወራት የማትጠቀሚበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጪው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዪው፤ ሲሞላም ቻርጀሩ ላይ አትርሺው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስለሚያስቸግር ቻርጀሩን ንቀይና ረጋ ሲል መልሰሽ ሰኪ።

ይህን ሁሉ የምልሽ አንድ መጋረጃ ለመስቀል ሦስት ቅዳሜ ሰው እንድትጠብቂ ስለማልፈልግ ነው። ቤትሽን በራስሽ እጅ ማስተካከል ትችያለሽ፤ የሚያስፈልግሽም ትልቅ ማሽን አይደለም። ባለ 18 ቮልት፣ የመዶሻ ሥዕል ያለው፣ ሁለት ባለ 2 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ለ220 የተሠራ ቻርጀር፣ ከሱቁ ባትሪው ለብቻው የሚገኝ። የተረፈሽን ብር ለፑንታና ለፊሸር አድርጊው። ከዚህ በላይ ግዢ የሚልሽ ሻጭ ካለ ዝርዝርሽን አውጥተሽ ከእነዚህ ሥራዎች የትኛው እንደሚፈልገው እንዲያሳይሽ ጠይቂው።