ምጣዱ ከጄኔሬተሩ ይውረድ

በዋሽንግተን ወይም በዴንቨር ዙሪያ የሚኖር ሰው በደቡብ ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ላይ ለሚያሠራው ቤት ጄኔሬተር ሲያስብ፣ ዓይኑ የለመደው ከቤት ጎን ተተክሎ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሣውን፣ 20 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጠውን ማሽን ነው። ያ ማሽን ያን ያህል የገዘፈው የሙሉ ቤት አየር ማቀዝቀዣ ማስነሣት ስላለበት ነው። ብዙ ጊዜ ነዳጁም በቧንቧ የሚመጣ ጋዝ ስለሆነ ከማደያ የሚያመላልሰው ሰው አያስፈልገውም። በቦረና ደጋ አየር ማቀዝቀዣ የሚፈልግ የለም፤ የጋዝ ቧንቧም የለም። ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ መጥቶ፣ የደሴንና የአቀስታን ዳገት ወጥቶ የሚደርስ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው። ስለዚህ የጄኔሬተሩን ልክ የሚወስነው የቤቱ ስፋት ወይም የክፍሉ ብዛት አይደለም። ወሳኙ አንድ ዕቃ ነው፤ እሱም የኤሌክትሪክ ምጣድ።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ መሥራት አይከብድም። አሥር አምፖል እያንዳንዱ 10 ዋት ቢወስድ 100 ዋት ነው። ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና የስልክ ቻርጀር ተደምረው ሌላ 150 ዋት ያህል፣ ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት ግድም ይወስዳሉ። ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ 1 ኪሎዋት ገደማ ይጠይቃል፤ ሲነሣ ግን ለቅጽበት የዚህን ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ይስባል። ፓምፑ በሚነሣባት ሰዓት ቤቱ በጠቅላላው 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ያስፈልገዋል ማለት ነው። አሁን ምጣዱ ይጨመር። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል፤ ድምሩ 7 ኪሎዋት ገደማ ይደርሳል። እናም በሳምንት ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓት ለሚጣድ ዕቃ ሲባል የማሽኑ መጠን በእጥፍ ያድጋል። እንጀራ ደግሞ መብራት በጠፋበት ሰዓት ካልተጋገረ የሚቀር ነገር አይደለም። መብራት ባለበት ቀን ይጋገራል፣ በደጋው ብርድም ለቀናት ይቆያል። ካልሆነም ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምጣድ አለ። የሻወር ማሞቂያና የኤሌክትሪክ ምድጃም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ከጄኔሬተሩ መስመር ይነጠሉ።

የዲያስፖራው ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚስተው ግን ከፍታውን ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከአቅሙ 3 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ 5 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት ማሽን እዚያ የሚሰጠው 3.7 ያህል ነው። ወደ ለጋምቦ ተራሮች ሲወጣ ጉድለቱ ይብሳል፤ ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካርቡሬተሩ ለደጋ አየር ካልተስተካከለ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነዳጅም ያባክናል። ሻጮች በጉልህ የሚጽፉት ቁጥርም ለአፍታ የሚደርስበትን ጣሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈለገው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ነው። እንግዲህ ያለ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ለሚፈልገው ቤት፣ ያለማቋረጥ 5 ኪሎዋት እንደሚሰጥ የተጻፈበት ማሽን ይበቃዋል። ምጣዱ ከተጨመረ 10 ኪሎዋት ይጠየቃል።

«ታዲያ አንዴ ከተገዛ ትልቁ አይሻልም?» የሚለው ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ ነገ ሰርቪስ ቤት ይሠራል፣ ተከራይ ይገባል። ነገር ግን ትልቅ ማሽን አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ሲያበራም ያንኑ ግዙፍ ሞተር ማዞር ስላለበት ነዳጁን ይጠጣል። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ሲሶ በታች ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ደግሞ በቅጡ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥላሸት በጭስ ማውጫው ይጠራቀምበታል፤ ዕድሜውም ያጥራል። በዚያ ላይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ነዳጅ ይጠፋል፣ በጀሪካን መቅዳትም በየጊዜው ይከለከላል። ነዳጅ እንደዚህ በሚቸግርበት አገር ትልቁ ማሽን ቀድሞ የሚቆመው ነው።

ሌላው ክርክር የሕዳሴ ግድብ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ታዲያ ጄኔሬተር ለምን? ቤት ውስጥ መብራት የሚጠፋው ግን በምንጭ እጥረት ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ምሰሶ ሲወድቅ፣ በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ ተራራ ለተራራ የተዘረጋውን መስመር ሲመታ ግድቡ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ስለ ፀሐይ ኃይል የሚቀርበው ክርክር ግን የበለጠ ጉልበት አለው፤ ጸሐፊውም ግማሽ መንገድ አብሮት ይሄዳል። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለዋይፋይ ባትሪና ኢንቨርተር ከጄኔሬተር ይሻላል፤ ድምፅም ጭስም የለውም። ደመናው ለቀናት በማይገለጥበት ክረምት ግን ባትሪው ይዳከማል፣ የፓምፑ መነሻ ጉልበትም ትንሽ ኢንቨርተርን ይረታል። ስለዚህ ባትሪ የሚገዛ ሰው ጄኔሬተሩን ይበልጥ ያሳንስ እንጂ ጨርሶ አይተው።

ከአሜሪካ አስጭኖ መላክ የሚያስብ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይመልከት። የዚያ አገር ማሽን 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፓምፕ በ60 ሲነዳ በአንድ አምስተኛ ይፈጥናል፣ ከልኩ በላይ ይስባል፣ መጨረሻው መቃጠል ነው። ለመለዋወጫም ቢሆን ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ መካኒኮች የሚያውቁት ዓይነት ይመረጣል። ሦስት ፌዝ ማሽንም ለአንድ ፌዝ ቤት አይገዛ፤ በአንዱ ፌዝ የሚገኘው የተጻፈው ኃይል ሲሶ ብቻ ነው።

ማሽኑን የሚያስነሡት ገዢው ሳይሆን አባት፣ እናት ወይም ዘበኛው መሆናቸውም በግዢው ውስጥ ይግባ። ገመድ ጎትቶ ማስነሣት ለአረጋዊ አይሆንም፤ በቁልፍ የሚነሣና ባትሪው የሚሞላ ይሁን። በወር አንዴ ፓምፑን ተሸክሞ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ለወራት የተኛ ቤንዚን ካርቡሬተር ይደፍናል። በቆጣሪውና በጄኔሬተሩ መካከል ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ በባለሙያ ይገጠም፤ አለዚያ ኃይሉ ወደ መንገድ መስመር ተመልሶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ማሽኑ በብርድም በዝናብም ሰበብ በረንዳም ሆነ ኩሽና አይገባም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ይዟልና። ከመኝታ ቤት መስኮት ርቆ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይቀመጥ።