ኤሚሬትስ ያለሽ እህቴ፣ የጤና ኢንሹራንስሽን እወቂ

እህቴ፣ ሲያምሽ «ደሞዜን ይቆርጡብኛል» ብለሽ ሕመምሽን ችለሽ ትሠሪያለሽ? ሕጉን ካወቅሽ በጊዜ መታከም ትችያለሽ።

ቀድሞ ኢንሹራንስ ግዴታ የነበረው በአቡዳቢና በዱባይ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን በሻርጃ፣ በአጅማን፣ በኡም አል ቁዌን፣ በራስ አል ኸይማና በፉጀይራም ለቤት ሠራተኛ ግዴታ ሆኗል። ኢንሹራንስ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድሽ አይወጣም፣ አይታደስም። የሚከፍለው አሠሪሽ ነው፤ ከደሞዝሽ መቁረጥ አይችልም።

በእነዚህ አምስት ግዛቶች ያለው መሠረታዊ ኢንሹራንስ ምን ይሰጥሻል?

• ክሊኒክ ታይተሽ ስትመለሺ የአንቺ ድርሻ ከሂሳቡ 25 በመቶ ነው፤ ከ100 ድርሃም ግን አይበልጥም።
• በዚያው ሕመም በ7 ቀን ውስጥ ከተመለስሽ ድርሻ አትከፍዪም።
• ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብሽ መጠበቂያ ጊዜ የለውም፤ ወዲያው ትታከሚያለሽ።

አሁኑኑ፣ ጤነኛ ሳለሽ፣ እንዲህ አድርጊ፦

1. አሠሪሽን «ኢንሹራንሴ የየትኛው ኩባንያ ነው? የትኛው ክሊኒክ ይቀበለኛል?» ብለሽ ጠይቂ።
2. የኢንሹራንሱንና የመታወቂያሽን ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።
3. ስትታከሚ የሐኪም ወረቀት ተቀበዪ። በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ነው፣ ቀሪው ያለ ደሞዝ።

ሕክምና ከከለከሉሽ ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር 80084 ደውዪ። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ አምቡላንስ 998 ነው። ቁጥሮቹን ለጓደኞችሽም ላኪላቸው።