ሬስቶራንት ልትከፍቺ ነው አሉኝ

ልጄ፣ ዲሲ ውስጥ የራስሽን ቤት ልትከፍቺ ቦታ እያፈላለግሽ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ሙያሽን አውቀዋለሁና ስለ ወጥ የምነግርሽ የለኝም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሐበሻ ሬስቶራንቶች ሒሳብ ላይ ነው። ኮሮና በመጣ ጊዜ ማን እንደቆመና ማን እንደዘጋ ያየሁትም እዚያው መዝገባቸው ላይ ተቀምጬ ነው። የዘጉት ምግባቸው ስላልጣመ አይደለም። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የሆኑትን ትልልቅ ሬስቶራንቶች ያተረፋቸው ወረርሽኙ ሳይመጣ ያሰናዱት ወረቀት፣ ባንክና የራሳቸው የማዘዣ መንገድ ነው። አንቺም በደህናው ቀን እንድታሰናጂው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራልሻለሁ።

1. መዝገብሽን ከመጀመሪያው ቀን አጥሪው። ማርች 16 ቀን 2020 የዲሲ ከንቲባ ሬስቶራንቶች ሰው እንዳያስቀምጡ አዘዙ። ሁዳዴ ነበር፤ የጾም በያይነቱ የሚፈለግበት ወቅት። በዚያው ወር መጨረሻ ኮንግረስ ፒፒፒ የተባለውን ብድር በ349 ቢሊዮን ዶላር አቋቋመ። በአግባቡ ለደመወዝ ካዋልሽው የማይመለስ ብድር ነው። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ የወር አማካይ የደመወዝ ወጪሽ በሁለት ተኩል ይባዛል። እንግዲህ አስቢው፤ ለሠራተኞቹ በጥሬ ገንዘብ እጅ በእጅ ሲከፍል የኖረ ባለቤት አምስት ሰው ቢያሠራም በመንግሥት ወረቀት ላይ አንድም ሰው የለውም። በ2021 ለሬስቶራንቶች ብቻ የመጣው እርዳታም በመሠረቱ የሚሰላው የ2020 ሽያጭና የተወሰደው ፒፒፒ ከ2019 ሽያጭ ላይ ተቀንሶ ነበር። ግብር ፈርቶ ሽያጩን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው ኪሳራውም አንሶ ተቆጠረለት። የሸሸገው ገንዘብ በክፉ ቀን አልደረሰለትም።

ሠራተኞችሽንም አስቢ። በመዝገብ ሲከፈለው የነበረ አስተናጋጅ ቤቱ ሲዘጋ የሥራ አጥ ክፍያ አገኘ፤ እስከ ጁላይ 2020 መጨረሻ በሳምንት 600 ዶላር ጭማሪም ነበረው። በእጅ ሲከፈለው የኖረው ግን መሥራቱን የሚያስረዳበት ወረቀት አጣ። ቀኑን ሙሉ እግሯ እስኪያብጥ ስታስተናግድ የኖረች ልጅ እንዳልሠራች ስትቆጠር ማየት ያማል። አንቺ ቤት ይህ እንዳይሆን አደራ።

2. ባንከኛሽ ስምሽን ይወቅ። የፒፒፒው ማመልከቻ ኤፕሪል 3 ተከፍቶ ገንዘቡ ኤፕሪል 16 አለቀ፤ ለእኛ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነበር። ሕጉ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከ500 ሠራተኛ ካልበለጠ ትልልቆቹም እንዲያመለክቱ ፈቅዶ ነበር። ሩትስ ክሪስ የተባለው የስቴክ ቤት 20 ሚሊዮን፣ ሼክ ሻክ የተባለው የበርገር ቤት ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ፤ ሕዝቡ ሲቆጣ መለሱት። ሕግ ጥሰው አልነበረም። የብድር ሹም፣ የሒሳብ ሠራተኛና ጠበቃ ቀድሞም ስለነበራቸው ወረቀቱ በሩ ሲከፈት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የኛ ሰው ግን ማመልከቻውን ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ መልስ ይጠብቃል። ሁለተኛ ዙር ገንዘብ ተጨመረ፤ ነገር ግን በመሐሉ በባከነው ጊዜም ኪራይ ይቆጥር ነበር።

ስለዚህ ሒሳብሽን አነስ ባለ የሰፈር ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን ክፈቺ። ብድር ባትፈልጊም አልፎ አልፎ መዝገብሽን ይዘሽ ሂጂና የብድር ሹሙን አነጋግሪው። እርዳታ ይመጣል ብለሽ ግን አትደገፊ። ያ የ2021 የሬስቶራንት ገንዘብ ከ20 በላይ ቅርንጫፍ ያላቸውን አግልሎ ነበር፤ ደግ አደረገ እላለሁ። ቢሆንም 28.6 ቢሊዮን ዶላር ለቀረበበት ከ278,000 በላይ ሰው አመለከተ፤ የደረሳቸው 101,000 ያህል ናቸው።

3. ደንበኛሽን ለዴሊቨሪ ኩባንያ አሳልፈሽ አትስጪ። ያኔ ኮሚሽናቸው እስከ 30 በመቶ ይደርስ ነበር። የ40 ዶላር ትእዛዝ ላይ 12 ዶላሩ ይሄዳል። ለአስቤዛና ለሠራተኛ ስልሳ በመቶውን፣ ማለትም 24 ዶላሩን ካወጣሽ የሚቀርሽ 4 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንሹራንስና የመያዣ ዕቃው አሉ። ወጥ ቤቱ ሲሯሯጥ ይውላል፤ ባለቤቷ ግን በየሳህኑ ትከስራለች። የዲሲ ምክር ቤት በሜይ 2020 ኮሚሽኑ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ብዙ ቤት ተነፈሰ። ትልልቆቹ በብዛታቸው ተደራድረው ዋጋ ያስቀንሳሉ፤ ዶሚኖስ የተባለውን ፒዛ ቤት ብታዪ ደግሞ የራሱ ማዘዣና የራሱ ሾፌሮች አሉት።

አንቺ ሾፌር መቅጠር ላትችዪ ትችያለሽ፤ የደንበኛሽን ስልክ ቁጥር መያዝ ግን ትችያለሽ። ሰው በፈቀደልሽ ቁጥር መዝግቢው፤ በየከረጢቱ ውስጥ «በቀጥታ ደውለው ቢያዙ ዋጋው ይቀንሳል» የሚል ወረቀት ክተቺ። ኩባንያው አዲስ ሰው ያምጣልሽ፤ ሁለተኛ ሲያዝዝ ግን ከአንቺ ጋር ይነጋገር።

4. ለመኪና የሚሆነውንና ለማዕድ የሚሆነውን ምግብ ለዪ። የትልልቆቹ ባለ ብዙ ቅርንጫፎች ምግብ በመስኮት ተቀብሎ መኪና ውስጥ እንዲበላ ታስቦ የተሠራ ነው። የኛ ደግሞ አንድ ትሪ ከበው፣ እየተጎራረሱ እንዲበላ። ወጥ የፈሰሰበት እንጀራ ግማሽ ሰዓት መኪና ውስጥ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እንጀራውን ጠቅልለሽ ለብቻ፣ ወጡን ለብቻ፣ ሰላጣውንም ለብቻ ስጪ። ሽሮውን ከወትሮው ወፈር አድርጊው። ጥሬ ክትፎ አትላኪ፤ ለብ ለብ እንኳ ቢሆን መንገድ ላይ የሚቆይ ሥጋ ያሳስበኛል። ለፈረንጁ የሚበላበትን ሥርዓት በአጭሩ ጽፈሽ ጨምሪበት፤ አስተናጋጅሽ ቆማ የምታስረዳው ወረቀቱ ላይ ይኑር። እንጀራ በፓኬት፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ንጥር ቅቤም ከመደርደሪያ ይሸጡ፤ ሳሎኑ ባዶ በሚሆንበት ቀን ከእንግዳ ጋር የሚያገናኝሽ እሱ ነው። የጾም ምግባችንን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚፈልገው፣ ሥጋና ወተት የማይነካ ፈረንጅ ብዙ ነውና ከዝርዝርሽ ፊት አድርጊው።

5. ትልልቆቹን በዋጋ አትፎካከሪያቸው። አትችያቸውም።

6. ሊዙን ሳታስነብቢ አትፈርሚ። ብዙ ውሎች ስለ ድንገተኛ አደጋ አንቀጽ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ኪራይ ከመክፈል ነጻ አያወጣሽም። በመንግሥት ትእዛዝ ሳሎንሽ ቢዘጋ ኪራዩ እንዲቀንስ ወይም እንዲተላለፍ የሚል ዓረፍተ ነገር ዛሬ ጠይቂ፤ አከራዩ ቦታውን ሊያከራይ የሚቸኩለው አሁን ነው። ከሁሉ በላይ በግልሽ ዋስ ሁኚ የሚልሽን ተጠንቀቂ። እዚያ ላይ ከፈረምሽ ድርጅቱ ቢዘጋም ዕዳው ወደ ቤትሽና ወደ ቁጠባሽ ይመጣል። እምቢ ማለት ካልቻልሽ ዋስትናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንዲወሰን ተከራከሪ። ረቂቁ ሲደርስሽ ላኪልኝና የንግድ ውል ከሚያውቅ ጠበቃ ጋር አብረን እንየው፤ እስከዚያ ቀብድ እንዳትከፍዪ።