«ትስማማላችሁ ወይስ አትስማሙም?» ሲባል ምን እንጻፍ?

(ትምህርት ዓምድ)

ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው በሥነ ጽሑፍ ፈተና ላይ አንድ ሐሳብ ተሰጥቶን «ተወያዩበት» ስንባል መልሳችንን እንዴት አድርገን እንደምናደራጅ ነው። መልካም ንባብ!

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው መንፈቅ ዓመት በአማርኛ ፈተና መጨረሻ ላይ አሥር ነጥብ የሚይዝ ጥያቄ መጣልን። ጥያቄው ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ነበር። መጽሐፉን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሲሆን፣ ወላጆቻችን ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። የተሰጠን ሐሳብ ይህ ነው፦

«በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ብቻ ነው።» በዚህ ሐሳብ ትስማማላችሁ ወይስ አትስማሙም? ማስረጃ እየሰጣችሁ ጻፉ።

እኔ ታሪኩን ስለማውቀው ደስ አለኝ። ከበዛብህ ልደት ጀምሬ እስከ መቃብሩ ድረስ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እጄ እስኪዝል ድረስ! ወረቀቱ ሲመለስ ግን ከአሥር አራት ነው ያገኘሁት። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ታሪኩን ነገርከኝ፤ ያንተ ሐሳብ የታለ?» የሚል ተጽፎበታል። በጣም አዘንኩ። በኋላ ግን ቲቸርን ጠይቄ ሲያስረዱኝ ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ገባኝ። ጓደኞቼም ብዙዎቹ እንደኔ ነው የጻፉት። ስለዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

1ኛ. ሐሳቡን ሦስት ጊዜ አንብቡ

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የጥያቄው ሥር የተሰጠው ሐሳብ ነው። በመጀመሪያ ዋና ዋና ቃላቱን አስምሩባቸው። በእኛ ጥያቄ «የለያያቸው»፣ «ትዕቢት» እና «ብቻ» የሚሉት ናቸው። ከሁሉም ትልቁ «ብቻ» ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢተኛ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ጥያቄው ግን ሌላ ምክንያት አለ ወይስ የለም ነው። «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም»፣ «ሁሉም»፣ «ዋናው» የሚሉ ቃላትም እንደ «ብቻ» ናቸው። እነሱን የዘለለ ተማሪ ጥያቄውን ዘለለው ማለት ነው።

2ኛ. አቋማችሁን ወስኑ

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለብን። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ታላቅ ሲናገር ዝም ብለን መስማት ነው የለመድነው። ስለዚህ መምህር የሰጡትን ሐሳብ «አልስማማም» ማለት ድፍረት ይመስለናል። እኔም የፈራሁት ይህንን ነበር። ቲቸር ግን «ሐሳቡን የሰጠኋችሁ እንድትፈትኑት እንጂ እንድታጸድቁት አይደለም» አሉኝ። ሦስት መንገድ አለ፦ እስማማለሁ፤ አልስማማም፤ በከፊል እስማማለሁ። ሦስቱም ማስረጃ ካላቸው ነጥብ ያስገኛሉ። ማስረጃ ከሌለው ግን «እስማማለሁ» ማለትም ዋጋ የለውም።

3ኛ. ከመጻፋችሁ በፊት ዕቅድ አውጡ

በረቂቅ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሩና በግራ የሚደግፈውን፣ በቀኝ የሚቃወመውን አስቀምጡ። የእኛ ጥያቄ እንዲህ ይሆናል፦

የሚደግፍ፦ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለማግባት የሚመጡትን ሁሉ በዘር አይመጥኑንም እያሉ መለሱ። በዛብህ ደግሞ የድሃ ልጅ ነው።

የሚቃወም፦ (ሀ) በዛብህ ገና በሕፃንነቱ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በስለት ሰጥተውታል። (ለ) ፊታውራሪ ብቻቸውን አይደሉም፤ ሰውን በዘር የሚለካው የዘመኑ ልማድ ነው። ጉዱ ካሣ ያንን ልማድ ስለተቃወመ አይደል ሰው ሁሉ እንደ እብድ ያየው? (ሐ) በመጨረሻ በዛብህን መንገድ ላይ ያቆሰሉት ወንበዴዎች ናቸው እንጂ ፊታውራሪ አይደሉም።

አያችሁ? ዕቅዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ድርሰቱ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

4ኛ. አሁን ጻፉ

መግቢያ። ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የደራሲውን የሕይወት ታሪክ አትጻፉ። እኔ የጀመርኩት «ፍቅር እስከ መቃብር በጣም ደስ የሚልና አስተማሪ መጽሐፍ ነው» ብዬ ነበር። ይህ ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ምንም አይነግርም። አሁን ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ሁለቱን ወጣቶች ለመለያየት ትልቅ ምክንያት ነው። ነገር ግን ብቸኛው ምክንያት አይደለም። የወላጆች ስለትና የዘመኑ ልማድም ድርሻ ስላላቸው በተሰጠው ሐሳብ የምስማማው በከፊል ነው።»

ሐተታ። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ነጥብ ብቻ ይያዝ። በአንቀጹ ውስጥ ሦስት ነገር ይኑር፦ ነጥቡ፣ ከመጽሐፉ የመጣ ማስረጃ፣ ከዚያም ማስረጃው ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፍ ወይም እንደሚያፈርስ ማብራሪያ። እኔ የጎደለኝ ሦስተኛው ነው። ማስረጃውን ዘርግፌ ሄድኩ። ምሳሌ እነሆ፦

«ሁለተኛው ምክንያት ስለቱ ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሰጥተውታል። ስለዚህ በዛብህ ሰብለን ሲወድ የሚፈራው አባቷን ብቻ ሳይሆን የወላጆቹን ቃል ማፍረስንም ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ደግ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንኳ ይህ ፍርሃት ከልቡ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ‹ብቻ› የሚለው ቃል ትክክል አይደለም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ወደ ጥያቄው ቃል ተመልሳለች። እያንዳንዱን አንቀጽ እንዲህ ከዘጋችሁ ከመንገድ አትወጡም።

ሌላው ደግሞ የማትስማሙበትን ወገን አትደብቁት። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰው ሲያስታርቁ አይታችሁ የለም? የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። እናንተም «እርግጥ ነው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ባይከለክሉ ኖሮ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ባልሸሸ፤ ሰብለም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ባልወጣች» ብላችሁ ለሌላው ወገን ድርሻውን ስጡት። ከዚያ «ሆኖም» ብላችሁ ወደ አቋማችሁ ተመለሱ። እንዲህ ሲሆን ፍርዳችሁ ይታመናል።

መደምደሚያ። አዲስ ነጥብ አታምጡ። መግቢያውንም ቃል በቃል አትገልብጡ። ከተከራከራችሁ በኋላ የደረሳችሁበትን ፍርድ ጻፉ፦ «ስለዚህ ፊታውራሪ መሸሻ በሩን የዘጉት ቢሆኑም፣ በሩን የሠራው ግን የዘመኑ ልማድ ነው» ቢባል ያምራል፣ ይበቃልም።

5ኛ. ሰዓታችሁን ከፋፍሉ

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው ብንል፣ 5 ደቂቃ ለማንበብና ለዕቅድ፣ 30 ደቂቃ ለመጻፍ፣ 5 ደቂቃ ለማረም ይሁን። ስታርሙ አራት ነጥቡን፣ የገጸ ባሕርያቱን ስምና አንቱታውን እዩ። ፊታውራሪን «እሳቸው» ብላችሁ ጀምራችሁ «እሱ» ብላችሁ እንዳትጨርሱ!

አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችን አፋን ኦሮሞ ለምንናገር ልጆች አማርኛው ሊከብደን ይችላል። እኔ የማደርገው ዕቅዱን ሐሳቡ ቶሎ በሚመጣልኝ ቋንቋ አውጥቼ ድርሰቱን በአማርኛ መጻፍ ነው። ዓረፍተ ነገራችሁ አጭር ቢሆን አያሳፍርም። አጭርና ግልጽ ከረጅምና ከተምታታ ይሻላል። ደግሞም ይህ ዘዴ ለአማርኛ ብቻ አይደለም፤ ለአፋን ኦሮሞም ለእንግሊዝኛም ይሠራል። የሰማነውን ሁሉ «እውነት ነው» ብለን ከመቀበላችን በፊት ማስረጃውን መጠየቅ ደግሞ ከፈተና ውጪም ይጠቅመናል።

የቤት ሥራ

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ዕቅድና አንድ አንቀጽ ጻፉ፦

ሀ. «ጉዱ ካሣ ብልህ እንጂ እብድ አይደለም።»

ለ. «ተረት ለሕፃናት ብቻ ነው።» (ፍንጭ፦ አስቴር ጋኖ የሕዝቡን ተረቶችና ዘፈኖች ሰብስባ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጅታለች። ሁለቱም በኋላ ነቀምቴ ኖረው አስተምረዋል። ተረት ለሕፃናት ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ለምን ደከሙ?)

የጻፋችሁትን በክበባችን ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። ጥሩ የሆነውን በሚቀጥለው እትም በእጃችን ገልብጠን እናወጣዋለን። እኔም ያቺን አሥር ነጥብ ጥያቄ እንደገና ጽፌ ለቲቸር ሰጥቻለሁ። ማርኩ አይቀየርም ብለውኛል፤ ግን አንብበው «አሁን ሐሳብህን አገኘሁት» አሉኝ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ሰንብቱ! መልካም ፈተና!